ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ጦርነት

የእኛ ትውልድ የመንግሥት ዕዳ ምን እንደሚመስል በእጁ ዳስሶ ያወቀው በ2003 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 24 ቀን የዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ብዙም ሳይቆይ "ቦንድ" የሚለው ቃል ከባንክ ቤት ወጥቶ ቡና ቤት ገባ። የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ቃል ገባ፤ በየወሩም ተቆረጠለት (ወይም ተቆረጠበት፣ እንደ ሰውየው ስሜት)። እናቶቻችን ወረቀቱን ከቤት ካርታና ከልደት ካርድ ጋር በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ወረቀቱ የሚለው ነገር አጭር ነው፤ መንግሥት ከእርስዎ ይህን ያህል ብር ተበድሯል፣ ቀኑ ሲደርስ ከነወለዱ ይመልሳል። በቃ። ስም አለው፣ መጠን አለው፣ ቀን አለው።

እስቲ አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ይቺ አገር ጦርነት አጥታ አታውቅም። አብዮትም አላጣችም። ለእነዚያ ሁሉ ጦርነቶች እህሉን፣ በሬውን፣ በቅሎውንና ልጁን ያቀረበው ባላገር ግን እንዲህ ያለ ወረቀት በእጁ ይዞ አያውቅም። ስም፣ መጠን፣ ቀን የለም። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ወሬያችንን እንፍራንዝ ላይ እንተክለዋለን፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ ባሕር መሻገር ግድ ይለናል። ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

አሜሪካኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ሲያምፁ (እ.ኤ.አ. 1775) ጦር ነበራቸው ለማለት ይከብዳል፤ ገንዘብ ግን ጭራሽ አልነበራቸውም። የአመፃቸው ምክንያት ግብር አንከፍልም ማለት ስለነበር "እንግዲህ እኛው ግብር እንጣልባችሁ" ብሎ የሚጀምር ሞኝ መሪ አልተገኘም። ታዲያ ምን አደረጉ? ወረቀት አተሙ። ማሳቹሴትስ ያኔውኑ በ1775 ያወጣቻቸውን የዕዳ ወረቀቶች የቀረፀው ያ በፈረስ ጋልቦ የእንግሊዝን ጦር መምጣት አስጠነቀቀ የሚባለው የቦስተኑ ብር ሠሪ ፖል ሬቪር ነው። ወረቀቱ ላይ ሰይፍ የያዘ ሰው አለ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ይህ ሰይፍ ካሸነፈ ገንዘባችሁን ታገኛላችሁ፣ ከተሸነፈ ግን ወረቀቱን ለምድጃ።

የአሥራ ሦስቱ ክፍላተ ሀገር ጉባኤም የራሱን "ኮንቲኔንታል" ዶላር ማተም ጀመረ፤ እስከ 1779 ድረስ ወደ 241 ሚሊዮን ዶላር አተመ። ጎን ለጎን ወለድ የሚከፈልበት የብድር ወረቀት ሸጠ፤ መጀመሪያ በአራት፣ በኋላ በስድስት በመቶ። ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ሦስተኛው መንገድ መጣ፤ ለእኛ ወሬ ዋናው እሱ ነው። የጦሩ ስንቅ ኃላፊ ገበሬው በር ላይ ይደርሳል። ስንዴውን ያስጭናል፣ ከብቱን ይነዳል፣ ፈረሱን ይፈታል። ሲሄድ ግን አንዲት ወረቀት ጥሎ ይሄዳል፤ ከእገሌ ይህን ያህል ተወስዷል፣ ዋጋው ይህ ነው፣ መንግሥት ይከፍላል። ገበሬው ወዶ አይደለም የሰጠው። ነገሩ ከዘረፋ በምን ይለያል ብትሉ፣ በዚያች ወረቀት ብቻ ይለያል።

ወረቀቷስ ምን ሆነች? መጨረሻዋ አላማረም። መንግሥት ራሱ በ1780 አርባውን ኮንቲኔንታል በአንድ ብር ዶላር ሒሳብ እንዲቆጠር ወሰነ። ሳንቲም የማያወጣ ነገር በአገሬው አፍ "ኮንቲኔንታል አያወጣም" እስኪባል ደረሰ። ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ የተሰጠውን ሰርተፊኬት ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እርሻው ዳዋ ለብሶ፣ ሚስቱ ተበድራ ጠበቀችው። ወረቀቷን ለከተማ ነጋዴ በአንድ ዶላር አሥርና አሥራ አምስት ሳንቲም እያሰበ ሸጣት። ከዚያ ማሳቹሴትስ ለወረቀት ባለቤቶች ወለድ ለመክፈል ስትል በዚያው ገበሬ ላይ ከባድ ግብር ጣለች፤ ያውም በጠንካራ ገንዘብ የሚከፈል። ስለዚህ ወታደር የነበረው ገበሬ፣ በርካሽ የሸጠውን የገዛ ደመወዙን ለገዛው ሰው ዋጋውን ሊከፍል ነው። በ1786 ዳንኤል ሼይስ የተባለ የዚያው ጦርነት አርበኛ ከብጤዎቹ ጋር ሆኖ ጠመንጃውን አነሣ። እኛ ብንሆንስ?

በ1790 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሀሚልተን ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ አስልቶ ምክር ቤት ፊት አቀረበና "ወረቀቱን ዛሬ ለያዘው ሰው በሙሉ ዋጋው እንክፈል" አለ። የቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን ተነሥቶ ተከራከረ፤ ትርፉን መጀመሪያ ላቡንና ደሙን ለሰጠው ሰው እናካፍለው ነው ነገሩ። ድምፅ ተሰጠ። ማዲሰን 36 ለ13 ተሸነፈ።

እኛ ማዲሰን መሸነፉ ያናድደናል። ግን ልብ በሉ፤ ምክር ቤት ቁጭ ብሎ "ዕዳው የማን ነው?" ብሎ መከራከር የተቻለው ወረቀት ስለነበረ ነው። ወረቀት ባይኖር ክርክሩም አይኖርም።

ፈረንሳዮቹ ደግሞ ሌላ መላ መቱ። አብዮቱ በፈነዳበት በ1789 የቤተ ክርስቲያንን መሬት የመንግሥት ነው አሉ፤ ወዲያው መሬቱን መያዣ አድርገው "አሲኛ" የሚባል ወረቀት አወጡ። መጀመሪያ 400 ሚሊዮን ሊቭር ነበር፣ አምስት በመቶ ወለድ ያለው፣ ከልቡ የዕዳ ወረቀት። በ1792 ከኦስትሪያ ጋር ጦርነት ሲገጥሙ ግን ማተሚያው አላርፍ አለ፤ የወታደሩም ጫማ፣ የመድፉም ባሩድ ከዚያው ከማተሚያው ወጣ። በየካቲት 1796 ማተሚያውን ፓሪስ አደባባይ አውጥተው በሕዝብ ፊት ሲያቃጥሉት ወረቀቱ የቀድሞ ዋጋውን አንድ መቶኛ እንኳ አያወጣም ነበር። የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ አብዮትና ጦርነት፤ እነዚህን ሦስቱን ያዙልን። ከስድሳ ዓመት በኋላ ጎንደር ላይ ተመልሰው ይመጣሉ።

አሁን እንፍራንዝ ገብተናል።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሄደ ሁሉ ያውቃታል፤ ብዙው ሰው የሚያውቃት ግን በመኪና መስኮት ነው። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን አልፎ፣ ጣና በስተግራ ራቅ ብሎ ሲያብረቀርቅ። ኮረብታው ላይ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ፤ አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያሠሩት ነው። ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ማለት ነው። ሰው ሁሉ "የጎንደር ኪነ ሕንፃ" ብሎ ሲያደንቅ ታላቅ ወንድሙ እዚህ መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያያል።

የዛሬዋን ትንሽ ከተማ አይታችሁ አትናቋት። በ1700 (እ.ኤ.አ.) ገደማ አፄ ኢያሱን ሊያክም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴ እንፍራንዝ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በአደባባይ የሚያካሂዱባት፣ ከክርስቲያኑ ጋር ተቀላቅለው የሚኖሩባት የንግድ ከተማ እንደነበረች ጽፏል። ዝባድ ይነገድባታል፤ ባርያም ይነገድባታል (ታሪካችንን ስንወድ ይህንንም እንዳንረሳ)። ሰባ ዓመት ቆይቶ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በዚያው መንገድ አልፏል። ገንዘቡ አሞሌ ጨው ነው፤ በኋላ ደግሞ ጠገራ ብር። ወረቀት ለዳዊትና ለድጓ... ያውም ብራና።

ንጉሥ የሚመላለስበት መንገድ ላይ የሚኖር ገበሬ ምን ይገጥመዋል? ንጉሡ ይመጣል፣ ሠራዊቱም ይመጣል፣ ይበላል። ወታደሩ በገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ ይመደባል፤ እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው፣ የበቅሎው ገብስ ሁሉ ከባለቤቱ ነው። አንዳንዱ የሚሄድበትን ቀን ራሱም አያውቀውም። "ወታደር" የሚለውን ቃል ሽማግሌዎቻችን "ወጥቶ አደር" ብለው ይፈቱታል፤ ፍቺው ለቋንቋ ሊቃውንት ይሁንና፣ ወጥቶ የሚያድረው ማን ቤት እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

አማርኛችን ራሱ የበጀት መጽሐፍ ነው። "ግብር" ባላገሩ ለንጉሡ የሚያስገባው ነው። "ግብር" ንጉሡ አዳራሽ አስጥሎ ለሠራዊቱ የሚያበላው ነው። ግብር አገባ፣ ግብር አበላ። ገቢውም ወጪውም በአንድ ቃል ተዘጋ፤ መሐል ላይ ሒሳብ ሹም የለም። መካከለኛው ሰው ጭቃ ሹሙ ነው፤ እሱም በቃሉ ነው የሚይዘው። ጦርነት በመጣ ቁጥር ባላገሩ ለመንግሥት ያበድራል እንጂ የሚሰጥ አይመስለንም፤ ምክንያቱም ሰላምና ፍርድ ይመለስልኛል ብሎ ነው። ያበደረው ግን አይጻፍም። ካልተጻፈ ደግሞ የሚቀጥለው ንጉሥ "እኔ አልበላሁም" ሊል ይችላል። ብሏልም።

ይህን ነገር ከሁሉ በፊት ያስተዋለው ካሣ ኃይሉ ይመስለናል። የቋራው ሰው የዘመነ መሳፍንትን መኳንንት አንድ በአንድ ጥሎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ "ቴዎድሮስ" ተብሎ ነገሠ። "አብዮት" የሚለው ቃል በዚያ ዘመን አፍ ላይ አልነበረም፤ ሰውየው ያሰበው ግን እሱኑ ነው። ወታደር ባላገር ቤት እየገባ አይብላ፣ ደመወዝ ይቆረጥለት፣ እህሉ በጎተራ ተከማችቶ ከዚያ ይሰፈርለት አለ። ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። ለዚያ ዘመን ግን ምድርን መገልበጥ ነበር፤ ምክንያቱም ወታደሩ የተከተለው ዘረፋውን አይቶ ነው።

ደመወዝ ከየት ይምጣ? ንጉሡ ዙሪያውን ቢያይ ሰፊው መሬት የቤተ ክርስቲያን ነው። በ1848 ጎንደር ላይ ካህናቱን ሰብስቦ ተከራከራቸው፤ እናንተ ይህን ሁሉ ከያዛችሁ እኔና ወታደሬ ምን እንብላ? ካህናቱ የሰጡት መልስ የደብተራ ዘነብ ታሪክ ላይ ተቀምጧል። ቃል በቃል አንጠቅሰውም፤ ሐሳቡ ግን እንደ አባቶችህ ከአገር አገር እየተዘዋወርህ፣ ጥቂት ወር እዚህ ጥቂት ወር እዚያ እየተቀመጥህ አገሩን እየበላህ ክረም ነው። እስቲ አስቡት! እሱ ሊያስቀር የተነሣበትን ነገር ራሱን መፍትሔ አድርገው አቀረቡለት። በ1852 ግን መሬቱን ወሰደው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ትቶ የቀረውን ለሚገብር ገበሬ ሰጠ።

እዚህ ላይ ነው ፓሪስን ያዙልን ያልነው። ያው መሬት፣ ያው ጦርነት፣ ያው አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የመሥራት ጥድፊያ። ፈረንሳዮቹ መሬቱን ወደ ወረቀት ለወጡት፤ ወረቀቱን የገዛው ነጋዴም ገበሬም አብዮቱ እንዳይወድቅ ይጸልያል፣ ምክንያቱም ከወደቀ ገንዘቡ አብሮ ይወድቃል። ዕዳ ወዳጅ ያበጃል ማለት ነው። ቴዎድሮስ ግን መሬቱን ሲወስድ ያተረፈው ጠላት ብቻ ነው። ማተሚያ የለ፣ ባንክ የለ፣ ወረቀት አምኖ የሚቀበል ገበያ የለ። (አንዳንድ ወዳጆቻችን "ቢኖረው ኖሮ እሱም ማተሚያውን ያነደው ነበር" ይሉናል። ሊሆን ይችላል።)

ደመወዙ ሲነጥፍ አሮጌው መንገድ ተመልሶ መጣ፤ ያውም በከፋ ሁኔታ። ጎንደር በ1856 ተዘረፈች፤ በኅዳር 1859 ደግሞ ተዘርፋ ተቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም አብረው ነደዱ። የበጌምድር ገበሬ የሆነውን ሁሉ አየ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ሲቀለጥ፣ የሠራተኛው እንጀራና የጎታቹ ወታደር ስንቅ ከዚያው ከጣና ምሥራቅ አገር ነው የሚመጣው። ዘርፎ የማይጠግብ ሠራዊት፣ ሰጥቶ የማይጨርስ ባላገር የለም። በጌምድር ሸፈተ፤ እህሉን ቀበረ፣ ከብቱን ደጋ አወጣ፣ የተነጠለውን ወታደር ገደለ። "ብድር" የሚለው ቃላችንም እንደ "ግብር" ባለ ሁለት ስለት ነው፤ የወሰድኸውን መመለስም ብድር ነው፣ የተደረገብህን መመለስም ብድር ነው። የበጌምድር ሰው የመጀመሪያው ብድር ስላልተመለሰለት ሁለተኛውን መለሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ንጉሡ ሽጉጡን ሲጠጣ በአንድ ወቅት አገር ይሞላ የነበረው ሠራዊት ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርቶት ነበር። የእንግሊዙ ናፒየር ደግሞ ሕንድን ያህል ጓዝ ተሸክሞ፣ ለገዛው ገለባ ሁሉ በጠገራ ብር እየከፈለ ነው የደረሰው። ብዙ ሰው ስለ መድፉ ያወራል፤ እኛ ግን ያ ገለባ ይታየናል።

ምኒልክ ከዚህ የተማሩ ይመስላሉ። ከክፉ ቀን ማግስት በ1885 አሥራት እንዲከፈል አዘዙ፤ ገበሬው ካመረተው አንድ አሥረኛውን ለጎተራ ያስገባ፣ ወታደሩም በገበሬው ቤት መስፈሩ ይቅር ነው ሐሳቡ። ቴዎድሮስ የፈለገው፣ ግን በእርጋታ። በሁሉም አገር እንደታዘዘው ሆነ ወይ ብትሉን፣ አልሆነም።

በወረቀት ላይ የሰፈረ የጦር ብድርም በእሳቸው ዘመን አለ፤ አበዳሪው ግን ባላገር ሳይሆን ባዕድ ነው። በመስከረም 1882 ደጃዝማች መኮንን ኢጣሊያ ላይ በፈረሙት ተጨማሪ ውል አራት ሚሊዮን ሊሬ ተበደርን፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር። ካልተከፈለ ሐረር ይያዛል ማለት ነው፣ ቀልድ አይደለም። ከብድሩ ከፊሉ ጠመንጃ ሆነ። ምኒልክ ብድሩን ከዓድዋ በፊት ከፍለው ዘጉ፤ የካቲት 1885 የውጫሌን ውል ሲያፈርሱም ማንም "መጀመሪያ ዕዳችሁን" ሊላቸው አልቻለም። ኢጣሊያ በራሷ ገንዘብ በተገዛ ጠመንጃ ተመታች፤ ይህን ስናስብ ሁልጊዜ ፈገግ እንላለን። በባዕድ ፊት ዕዳን አክብሮ መክፈል የምናውቅ ሰዎች ነን። የቤት ዕዳ ነው የሚያቅተን።

ከዓድዋ በኋላ አርባ ዓመት ዘልለን ፋሺስት ጣና ዳር ሲደርስ፣ እንፍራንዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ገንዘብ ጋር በግድ ተዋወቀች። ጣሊያን ሊሬ ይዞ መጣ። ገበያተኛው ግን ጠገራ ብሬን አለ። ወረቀቱን የሚያወጣው መንግሥት ነገ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ገበሬው የኢኮኖሚ ትምህርት ሳይማር የማሳቹሴትስን ወረቀት ምስጢር ያውቅ ነበር፤ ሰይፍ የያዘው ሰው ካልተሸነፈ ብቻ ነው የሚሠራው። እንግሊዞችም ነገሩ ገብቷቸው ቦምቤይ ላይ ማርያ ትሬዛን አስመትተው፣ በግመል አስጭነው በጎጃም በኩል አስገቡ።

አርበኛውስ? አርበኛው ብርም ወረቀትም አልነበረውም። አምስት ዓመት ሙሉ ዱር ያለውን ሰው ያበላው ባላገሩ ነው፤ ሌሊት እየጋገረ፣ ቀን ለባንዳ እየዋሸ። ቢያዝ ቤቱ ይቃጠላል። ከእንፍራንዝ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለው ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን 1934 ብዙ ደም ፈስሶበት ተያዘ፤ ከስድስት ቀን በኋላ ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ የወደቀው እዚህ ነው። ድሉ ሲከበር የዘመተው ሜዳይ፣ አንዳንዱም መሬት አገኘ። የጋገረችውስ? ለእሷ በ1934 የደረሳት የገንዘብ ሚኒስቴር አዲሱ የመሬት ግብር አዋጅ ነው።

እንግዲህ ወደ እውነተኛው "አብዮታዊ ጦርነት" ደረስን፤ መንግሥት ራሱ በዚህ ስም ወደጠራው። በ1969 ሚያዝያ ላይ የእናት አገር ጥሪ ታወጀ። ሰኔ ላይ ታጠቅ ጦር ሠፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ በአዲስ አበባ ተሰለፈ፤ ቁጥሩ ሦስት መቶ ሺህ ተባለ። ከየገበሬ ማኅበሩ የመጣ ልጅ ነው። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ገፍቶ ገባ። ያንን ጦርነት አገር በአንድ ልብ ተዋጋው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሠራተኛው ከደመወዙ አስቆረጠ፣ በየቀበሌው ሴቶች በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጁ። በየካቲት 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። የሰጠው ሰው ወዶ ነው የሰጠው።

ችግሩ ጦርነቱ አለማለቁ ነው። ካራማራ አለፈ፤ ሰሜኑ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ቀጠለ። መዋጮው "አንድ ጊዜ" ተብሎ ተጀምሮ ልማድ ሆነ። በጀቱ ሲጎድል መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ይበደራል፤ ባንኮቹ በሙሉ ከታኅሣሥ 1967 ጀምሮ የራሱ ናቸው። የመንግሥት ቦንድ ነበር ወይ? አዎ ነበር፤ የጻፈው መንግሥት፣ የገዛው የመንግሥት ባንክ። ቀኝ እጅ ከግራ እጅ ይበደራል። የማንም እናት ቁም ሣጥን ውስጥ አልገባም።

ጣና ዳር ያለው ገበሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቦንድ ገዝቷል፤ ስሙ ኮታ ይባላል። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ የእህል ኮታ ይጥላል፣ ዋጋውን ራሱ ይተምናል፤ ዋጋው ከገበያው በታች ነው። ኮታውን መሙላት ያቃተው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። አዎ፣ ገዝቶ! እህሉ ወደ ጦሩና ወደ ከተማ ቀበሌ ሱቆች ይሄዳል። እኛ የከተማ ልጆች ወላጆቻችን በቀበሌ ካርድ የወሰዱትን ጤፍ እየበላን ነው ያደግነው፤ ወይም ታላላቆቻችን። የዋጋውን ልዩነት ማን እንደከፈለ ያኔ አልነገሩንም። በገበያው ዋጋና በኮታው ዋጋ መካከል ያለው እያንዳንዱ ብር ከገበሬው ለጦርነት የተወሰደ ብድር ነው። ወለድ የለው፣ መመለሻ ቀን የለው። ኮታው የቀረው በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው፤ ያኔ ደግሞ መንግሥቱ ሊወድቅ አንድ ዓመት ተሩብ ቀርቶት ነበር።

በየካቲት 1983 ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን የያዘበትን ዘመቻ ስም ታስታውሳላችሁ? "ዘመቻ ቴዎድሮስ"። ስሙን ያወጣው ሰው የባላገሩን ትዝታ አስቦ ይሁን ሳያስብ አናውቅበትም፤ እንፍራንዝ ግን እንደገና ጦር ገባባት። የሚሸሸው ሠራዊት አለፈ፣ የሚያሳድደው ደረሰ። ሁለቱም ርቧቸዋል። ሁለቱም የአንድ ድሃ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የበሉት ከአንድ ሌማት ነው። ያሸነፈው ታጋይ በኋላ ሐውልት ቆመለት፤ የተሸነፈው ወታደር ተበተነ፣ በየመንገዱ ሲለምን ያየነው ነው። ያበላው ግን የትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ከተማውም ድርሻውን አልቀረበትም፤ ትንሽ ዘግይቶ መጣለት እንጂ። ብር በዶላር 2.07 ተብሎ ዘመን ሙሉ ከቆየበት በመስከረም 1985 ወደ 5 ብር ተለወጠ። የጦርነቱ ሒሳብ ዋጋ ሆኖ ገበያ ወጣ። በብር የቆጠበ ሰው ሳያውቀው ከፈለ። ከውጭ የመጣው የመሣሪያ ዕዳስ? ታንኩንና ሚጉን ያበደረችን ሶቪየት ኅብረት እሷም ፈረሰች፤ ወራሿ ሩሲያ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠረውን ዕዳ አብዛኛውን ሰረዘችልን። ለመሰረዝም እኮ መጀመሪያ መጻፍ አለበት።

ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት አሥመራ በውጭ ለሚኖሩ ልጆቿ ቦንድ ሸጠች፤ በቀንዱ አካባቢ ከልቡ የጦር ቦንድ የሚባለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። እኛ መዋጮውን መረጥን። የዕዳ ወረቀት በእያንዳንዱ ቤት እስኪገባ ሌላ አሥር ዓመት ፈጀ፤ ሲገባም ለጦርነት ሳይሆን ለግድብ ሆነ፣ ተመስገን ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ውኃው ደግሞ ከዚያችው ከጣና ይነሣል።

አሜሪካኖቹ ገበሬ በር ላይ የጻፏቸው ወረቀቶች ዛሬም በመዛግብት ቤቶቻቸው አሉ፤ የገበሬው ስም፣ የተወሰደው የስንዴ መጠን፣ የከብቱ ዋጋ ይነበባል። እንፍራንዝ ላይ መዝገቡ ሰው ነው፤ የየካቲት 1983 ጎልማሳም ዛሬ አርጅቷል። በዚያ አገር አያት ወይም አጎት ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ለበዓል ስትወርዱ ደብተር ይዛችሁ ውረዱ። ስንት ዳውላ፣ ስንት በግ፣ ለየትኛው ጦር ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ የታረደውን በሬ ስም ግን ይነግሯችኋል።